አራት መስመር የማይበቃው ሰው

ባለፈው ሳምንት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የወንድሜ ልጅ የቤት ሥራ ይዞ መጣ፤ አንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ መርጦ የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ ታዟል። አበበ ቢቂላን መረጠ። የጻፈው አራት መስመር ነው፦ ተወለደ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ አሸነፈ፣ ሞተ። ለምን በባዶ እግሩ እንደ ሮጠ መምህሩን ቢጠይቅ፣ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ተብሏል።

አንባቢ ሆይ፣ መምህሩን አልወቅስም፤ እንደ ተማረው አስተማረ። ወቀሳዬ ልጆችን በታላላቅ ሰዎች አርአያነት እናንጻለን እያልን ከሰውየው ሕይወት ላይ ሰውየውን ቆርጠን በምናወጣው በእኛ በአዋቂዎቹ ላይ ነው።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ጫማ ያላደረገው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸውና ያለ ጫማ መሮጥን ስለ ለመደ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ተጫምቶ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ዳግመኛ አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በዓመቱ በታከመበት በእንግሊዝ አገር፣ በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ይዞ ቀረበ። የአሥር ዓመት ልጅ ሊያውቀው የሚገባው አበበ ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። እኛ ግን ታሪኩን ሮም ላይ እንዘጋዋለን፤ ተሽከርካሪ ወንበር ለፖስተር አያምርምና!

እንዲህ ያለው ንባብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን ብለው በርዕሱ ላይ ገልጸዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች አራት መስመር ይሸመድዳሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ታሪክን በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ስለ ቀላቀለው፣ ለአንድ ሰው ሕይወት የሚተርፈው ክፍለ ጊዜ ይበልጥ ጠበበ።

«ልጅ ጀግና እንጂ ክርክር አያስፈልገውም» የሚሉ አሉ። በተቃራኒው ወገን፣ ንጉሥ የተባለ ሁሉ ከመማሪያ መጽሐፍ ይፋቅ የሚሉም አልጠፉም። ሁለቱም ልጁን ይንቁታል። ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሲማር የ1888ቱን የዐድዋ ድልም፣ ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ ብዙ ደም የፈሰሰበትን የወላይታ ዘመቻም ቢሰማ ምን ይሆናል? የዐድዋ ልጅም የወላይታ ልጅም በአንድ ክፍል ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንደኛው የአያቱን ታሪክ ከቤት ሰምቶ ይመጣል። መጽሐፉ ዝም ሲል ውሸታሙ ማን እንደሆነ ለመወሰን ልጁ የእኛን ፈቃድ አይጠብቅም።

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩስ ነገር? በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ አዚናራ ደሴት ታስረው፣ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተው፣ በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በፈተና ወረቀት ላይ የምትተርፈው «የመጀመሪያዋ» የምትለው ቃል ብቻ ናት፤ እስሩ የለም።

የወንድሜ ልጅ አራቱን መስመር ሰርዞ ሁለት ገጽ ጽፏል። መጨረሻው ላይ በወንበር የተቀመጠ ቀስተኛ ሥሎበታል። ከአሥር ስንት እንደሚሰጠው ሰኞ እናያለን።