የኦክስጅን ማሽን ለመግዛት ስናዋጣ

«ለታማሚ ወንድማችን የኦክስጅን ማሽን እንግዛ» የሚል ጥሪ በቴሌግራም ቡድኖቻችን ማየት ከኮቪድ ወዲህ የተለመደ ሆኗል። ማኅበረሰባችን ለእንዲህ ያለው ሰደቃ እጁ አይታጠፍም፤ አልሐምዱሊላህ። እኛን የሚያሳስበን ብሩ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ነው። የማይመጥነው ዕቃ ከተገዛ ታማሚው ማሽን አጠገቡ እያለ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ኮንሰንትሬተር የሚባለው ማሽን ውስጡ የተጠራቀመ ኦክስጅን የለም። የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ከአየሩ ኦክስጅን 21 በመቶ ብቻ ሲሆን አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለው ዚዮላይት የተባለ ማዕድን ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ በቱቦው የሚወጣው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይሆናል። ማስሞላት አያስፈልገውም፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ሲሊንደር መብራት አይፈልግም፣ ግን ያልቃል። አስተማሪ ነበርንና ስሌት ይቀናናል፦ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 1500 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይኖረዋል። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታማሚ 5 ሰዓት ብቻ ነው። ከዒሻ እስከ ፈጅር እንኳ አያደርስም።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው በመጠን ላይ ነው። ለቤት የሚገዛው የተለመደ ኮንሰንትሬተር በደቂቃ የሚሰጠው ቢበዛ 5 ሊትር ነው። በአፍንጫ የሚደረገው ቀጭን ቱቦ በዚህ መጠን በደንብ ይሠራል። ከረጢት ያለው ጭምብል ግን ከ10 እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል። ጭምብሉ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብሎ ከ5 ሊትር ማሽን ጋር ማገናኘት ከረጢቱን ባዶ ያስቀራል፤ ታማሚውም ያወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል። ያን ያህል ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ቦታው ሆስፒታል ነው እንጂ ቤት አይደለም። በሌላ በኩል ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን አንዳንድ ሰው ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ራሱ ይጎዳዋል። ስለዚህ ጥሪው ከመለጠፉ በፊት ሐኪሙ ያዘዘው ሊትር በወረቀት ይታይ።

ከፍታም አለ። እያንዳንዱ ኮንሰንትሬተር እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ኦክስጅን ሊሳሳ ይችላል። አዲስ አበባና ደሴ ከ2300 ሜትር በላይ ናቸው። ከውጭ የሚልኩልን ዘመዶቻችን ይህን ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ የምንነግራቸው እኛ ነን።

የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ፍኖተ ካርታ ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትርን በአንድ ላይ ያቀደ ነበር። ትክክል ነው። ጣት ላይ የሚሰካው ይህ ትንሽ መለኪያ ከሌለ ማሽኑ እየረዳ መሆን አለመሆኑ አይታወቅም። የእኛ ጥሪዎች ግን ስለ መለኪያው ሲያነሱ ብዙም አናይም። ስለ እሳትም እንደዚሁ፤ ኦክስጅን በተከፈተበት ክፍል የቡና ከሰልም፣ ሲጋራም፣ ዘያሪ ሲመጣ የሚጨሰው ቡኹርም መግባት የለበትም።