ካራቫኑ የእኛ፣ መሬቱ የሰው

ንባብ፦ ሉቃስ 14፥28-30፤ ዘፍጥረት 23



ባለፈው ወር በቤት ኅብረታችን ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ሐሳብ ቀረበ። አምስት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተን በኤሴክስ ባሕር ዳርቻ አንድ ስታቲክ ካራቫን እንግዛ፣ ለልጆቻችን ማረፊያ፣ ለእኛም የጸሎት ቦታ ይሁነን የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጣው ወንድም የምንወደው፣ ለቅዱሳን የሚያስብ ሰው ነው። ብዙዎች "አሜን" አሉ። እኛ ባልና ሚስት ግን ዝም አልን። ዝም ያልነው አፍረን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ካራቫን ነበረን፤ ከሸጥነው አራት ዓመት ሆኖታል፤ ስንት እንዳስከፈለን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርንም። ስንገዛው በጉባኤ ፊት ቆመን "ጌታ ሰጠን" ብለን መስክረን ነበርና ስንከስር ለመመስከር አንደበት አጣን።

ኅብረቱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይወስናል። ስለዚህ ሳይረፍድ እንናገር።

ከእንግሊዝ አገር ውጭ ላላችሁ አንባቢዎች፣ ስታቲክ ካራቫን ስሙ ካራቫን ይሁን እንጂ በመኪና እየተጎተተ የሚዞር አይደለም። ከፋብሪካ በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣና በባሕር ዳር ፓርክ ውስጥ ከመቶዎች መሰሎቹ ጋር ተደርድሮ ይቆማል። ሁለት ሦስት መኝታ ክፍል፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለው። ሰው ካራቫኑን ይገዛል፤ የቆመበትን መሬት ግን አይገዛም። መሬቱ የፓርኩ ነው። ባለ ካራቫኑ በየዓመቱ ሳይት ፊ የሚባል የቦታ ኪራይ ይከፍላል፤ ይህም እንደ ቦታው በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነው። ያ ዓመታዊ ኪራይ ደግሞ ብድሩ ካለቀ በኋላም አያልቅም።

የአንዳችን አባት በደቡብ ጭሰኛ ነበሩ። ጎጆውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ መሬቱ የባለርስቱ ነበር። ከምርቱ ሲሶ ይሰጣሉ፤ ባለርስቱ ቅር ሲለው ጎጆውን አንሣና ሂድ ይላቸዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እንዴት እንደ ዘለሉ ሲነግሩን ነው ያደግነው። የእርሳቸው ልጅ ለንደን መጥቶ፣ ከኪሱ ከፍሎ፣ ፈርሞ ጭሰኛ ሆነ! ነገሩን እስክናስተውል ሁለት ዓመት ፈጀብን። ውሉን አንብቡት፤ የሚፈቀድላችሁ ዘመን በቁጥር ተወስኗል፤ የካራቫኑ ዕድሜ ከተወሰነው ሲያልፍ ከፓርኩ ይውጣ ይላችኋል። ለሌላ ሰው ልትሸጡት ብትፈልጉ ገዢውን ፓርኩ ማጽደቅ አለበት፤ ከሽያጩም በብዙ ውሎች እስከ 15 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል። በክረምት ፓርኩ ለሳምንታት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ቁልፉ በኪሳችሁ እያለ በራችሁን ከፍታችሁ ማደር አትችሉም። ባለርስቱ እንኳ አባታችንን በጥርና በየካቲት ከጎጆህ ውጣ ብሎ አያውቅም።

"ሕግ አለ አይደል?" የሚል አለ። ሕግ አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የሞባይል ሆምስ አዋጅና በ2013 የተሻሻለበት ሕግ ጥበቃ የሚሰጡት በፓርክ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ላላቸው ሰዎች ነው፤ ለበዓል ማሳለፊያ ካራቫን አይሠሩም። ለእናንተ የሚቀራችሁ የፈረማችሁት ውልና ማንኛውም ሸማች ያለው አጠቃላይ መብት ነው። አንዳንድ ወንድሞች ጡረታ ስንወጣ የለንደኑን ኪራይ ትተን እዚያ እንኖራለን ሲሉ እንሰማለን። ይህን እባካችሁ አታስቡት። የበዓል ካራቫን ዋና መኖሪያ ሊሆን አይፈቀድም፤ ሌላ ቤት ከሌላችሁ ውሉን አፍርሳችኋል ማለት ነው። በስተርጅና ከዚያ ቢያስወጧችሁ የት ትገባላችሁ?

አሁን ወደ ደብተራችን። ካራቫኑን የገዛነው አሮጌውን፣ የሰባት ዓመቱን፣ በ24,000 ፓውንድ ነው። ግማሹ ዕቁብ ነበር፤ የቀረውን 12,000 በአምስት ዓመት ብድር ወሰድን፤ ወለዱ 3,200 ገደማ ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት የቦታ ኪራይ 5,000 ነበር፤ በየዓመቱ እየጨመረ አምስተኛው ዓመት ላይ 6,100 ደረሰ፤ ባንድ ላይ 27,600። መድን ግዴታ ነው። የጋዝ ሴፍ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየዓመቱ ጋዙን ይመረምራል፤ ሲሊንደሩም፣ መብራቱም ሒሳብ አለው። በመከር ውኃው በቧንቧ ውስጥ በረዶ ሆኖ እንዳይፈነዳ አስፈስሶ ማድረቅ አለ፤ ፓርኩ ለመንግሥት ከሚከፍለው ግብርም ድርሻችን ይላክልናል። ይህ ሁሉ በዓመት 1,200፣ በአምስት ዓመት 6,000። ደጃፉ ላይ ልጆቹ የሚቀመጡበትን የእንጨት በረንዳ 1,800 ከፈልንበት። ልንሸጥ ስንል ፓርኩ 7,000 ሰጠን። በግል ገዢ ብናገኝም በፓርኩ ሊቆም የተፈቀደለት ሦስት ዓመት ብቻ የቀረውን ካራቫን ማን በደኅና ዋጋ ይገዛል? እኛም ተቀበልን።

ደምሩት። ከግዢው የጠፋው 17,000፣ ወለድ 3,200፣ የቦታ ኪራይ 27,600፣ ልዩ ልዩ 6,000፣ በረንዳ 1,800፤ ድምሩ 55,600 ፓውንድ። የቤንዚኑን አልጻፍንም።

ያደርንበትንም ቆጥረናል፤ ልጆቹ በቀን መቁጠሪያው ላይ ኮከብ ይለጥፉ ስለ ነበር ቁጥሩ አልጠፋንም። መጀመሪያው ዓመት 38 አዳር፣ ከዚያ 31፣ 24፣ 18፣ በመጨረሻ 14። ባንድ ላይ 125። አንዱ አዳር ወደ 445 ፓውንድ ወጣብን ማለት ነው። በዚያው መስመር፣ ከእኛ አራት በር ርቆ የቆመ ተመሳሳይ ካራቫን በነሐሴ በጣም ውድ በሆነው ሳምንት በ900 ይከራይ ነበር። በየዓመቱ ሁለት ሳምንት በነሐሴ፣ አንድ ሳምንት በፋሲካ በ500 ብንከራይ ኖሮ በአምስት ዓመት 11,500 ከፍለን 105 አዳር እናገኝ ነበር። ለቀሩት 20 አዳሮች 44,100 ፓውንድ ከፈልን። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ዓመት እናታችን ሐዋሳ ላይ በጠና ሲታመሙ ለሁለት ሰው ትኬት የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም፤ አንዳችን ብቻ ሄድን። በዚያው ሳምንት የቦታ ኪራዩ ከሒሳባችን ተቆርጧል።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን የማያሰላ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። እርግጥ ነው፣ ቃሉ የተነገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ ነው፤ ስለ ካራቫን አይደለም። ነገር ግን ጌታ ምሳሌውን ሲመርጥ ማስላትን የማንም ጤነኛ ሰው ልማድ አድርጎ ነው የወሰደው። እኛ አልተቀመጥንም። ሽያጭ ቢሮው ውስጥ ተቀምጠን ቡና ጠጣን እንጂ አላሰላንም። የተጠየቅነው "በወር ስንት ትችላላችሁ?" ተብሎ ነው፤ በአምስት ዓመት ስንት እንደሚሆን ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። ስንወጣ ግን "በር ተከፈተልን" አልን። ይህ ነው የሚያስቆጣን፤ ከፓርኩ ይልቅ የሚያስቆጣን የራሳችን ቋንቋ ነው። የፈለግነውን ሁሉ በረከት፣ የተፈቀደልንን ብድር ሁሉ የተከፈተ በር እያልን በጌታ ስም እንፈርማለን። ሻጩ እንኳ እንዲህ አላለንም፤ እርሱ ደስ የሚል ቦታ ነው ብቻ ነው ያለው።

አብርሃምን አስቡ። በድንኳን የኖረ ሰው ነው፤ በተስፋይቱ ምድር እንግዳ ነበረ። ሣራን ለመቅበር በፈለገ ጊዜ ግን ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ ቢለው እንቢ ብሎ አራት መቶ ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። ዘፍጥረት 23 የገዛውን እየዘረዘረ ይጽፋል፤ እርሻውን፣ ዋሻውን፣ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ሁሉ፣ በከተማው በር በተቀመጡት ሰዎች ፊት። ድንኳኑን በፈለገ ጊዜ ነቅሎ ይሄዳል፤ መሬት ሲገዛ ደግሞ መሬቱን ይገዛል። የእኛ ካራቫን ግን ሁለቱንም አጣ፤ ድንኳን እንዳይሆን አይነቀልም፣ ርስት እንዳይሆን መሬት የለውም።

ለሐሳቡ የሚቀርቡትን ምክንያቶች እናውቃቸዋለን፤ እኛው ስንላቸው ነበርና። "እናከራየዋለን" ይባላል። ፓርኩ ካልፈቀደ አይከራይም፤ ከፈቀደም ድርሻውን ይወስዳል፤ ደኅና ዋጋ የሚያመጡት ሳምንታት ደግሞ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ነጻ የሚሆኑባቸው እነዚያው ሳምንታት ናቸው። "ለልጆች ይተርፋል" ይባላል። የተቆረጠ ዘመን ያለው ነገር ምኑ ይወረሳል? የላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

"የማረፊያ ቦታ ነው" የሚለው ግን ከባድ ነው፤ አንንቀውም። በስድስተኛ ፎቅ በሁለት ክፍል አራት ልጅ የሚያሳድጉ እኅቶች አሉን። ልጆቻችን በአሸዋው ላይ ሲሮጡ ያየንበት የመጀመሪያው በጋ ከሕይወታችን መልካም ቀኖች አንዱ ነው፤ አንክድም። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ወደ ምድረ በዳ ሄዳችሁ ዕረፉ ብሏቸዋል። እኛ ያገኘነው ግን ዕረፍት አልነበረም። አርብ ማታ ከሥራ ወጥተን በኤ12 መንገድ ትራፊክ ውስጥ፣ ቅዳሜ የዝናብ መውረጃ ስንጠርግ፣ እሑድ ደግሞ "ከፍለንበታልና እንቆይ" እያልን። ስለከፈልን ብቻ ሄድን። አንድ ዓመት በሚያዝያና በመስከረም መካከል ከጉባኤ ስንት እሑድ እንደ ቀረን የሰንበት ትምህርት አስተማሪው ነው የነገረን፤ በትሕትና ነው የነገረን፤ እኛ ግን ተቀየምነው። ወንድማችን ሆይ፣ ይህን ካነበብህ ይቅር በለን።

በኅብረት ብንገዛስ? ከአምስት ዓመታችን የመጨረሻውን ሒሳብ ብንወስድ፣ ኪራይና ልዩ ልዩ ወጪ በዓመት ከ7,200 በላይ ነው፤ ለአምስት ቢካፈል ለአንድ ቤተሰብ ከ1,440 ያላነሰ፣ የግዢው ዋጋ ገና ሳይነካ። በዚያ ገንዘብ አንድ ቤተሰብ የነሐሴውን ሳምንትና የፋሲካውን ሳምንት ተከራይቶ ይመለሳል። ደግሞስ የበጋው የትምህርት ዕረፍት ስድስት ሳምንት ገደማ ነው፤ አምስት ቤተሰብ ነን፤ ነሐሴ የማን ነው? ውሉ ላይ ስሙ የሚጻፈው ወንድም ሌላው መክፈል ሲያቅተው ምን ያደርጋል? በአንድ ጽዋ የምንካፈል ሰዎች ስለ አልጋ ልብስና ስለ ሲሊንደር ስንጣላ ማየት አንፈልግም።

በዚህ አገር ከእኛ በፊት የነበሩ ወንጌላውያን ይህን አውቀውታል። የኬዝዊክ ጉባኤ በ1875 እ.ኤ.አ. በድንኳን ተጀመረ። ስፕሪንግ ሃርቬስት በ1979 በሰሜን ዌልስ በፕሬስታቲን የበዓል ሰፈር ተጀመረ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይዘው ባለቤቱ ሌላ በሆነ ሰፈር ለጉባኤው ቀናት ገብተው ይወጣሉ። ለእኛ ለሠላሳ ሰዎች የሚሆን ነገር ሞልቷል። የወጣቶች ማደሪያ ማኅበሩ፣ ዋይ ኤች ኤ የሚባለው፣ ብዙዎቹን ቤቶቹን ለቡድን ሙሉ በሙሉ ያከራያል፤ ወጥ ቤት ስላላቸው ምጣድና በርበሬ ይዞ መሄድ ነው። ደርቢሺር ውስጥ በስዋንዊክ እንዳለው ዘ ሄይስ ያሉ የክርስቲያን የጉባኤ ማእከላትም አሉ። ሁሉም ስትወጡ ቁልፉን ትመልሳላችሁ፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሌላ ሰው ይጠግነዋል። ድንኳን የሚወድ ደግሞ ድንኳን ይትከል፤ እስራኤል በዳስ በዓል ከዛፍ ቅርንጫፍ በተሠራ ዳስ ሰባት ቀን ይቀመጡ ነበር፤ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችንን የምናነሣው ለተቃውሞ ነው። ደብተሩን ይዘን እንመጣለን፤ ማየት የሚፈልግ ገጽ በገጽ ይይ፤ የምናፍርበት ዘመን አልፏል። ውሳኔው ምንም ይሁን፣ እኛ ለነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት እዚያው ባሕር ዳር ባለ ሦስት መኝታ ካራቫን ተከራይተናል። ቀብዱን ከፍለናል። የኋለኛው ክፍል ሁለት አልጋ አለው፣ ሰው አልያዘውም፤ ከስድስተኛው ፎቅ እኅቶቻችን ልጆቿን ባሕር ማሳየት የምትፈልግ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ በበሩ አጠገብ ታግኘን።