ዘው ብሎ የገባው ጎረቤት

እህቴ የልጇን የሙከራ ፈተና ውጤት የነገረችኝ በደስታ ነበር። «እንግሊዝኛ 2 አመጣች!» አለችኝ በስልክ። ሁለተኛ የወጣች መስሏት ነው። አልፈርድባትም፤ እኛ ባደግንበት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምርቃቱ ይበዛል። እንግሊዝ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በፊደል የነበረውን ውጤት ወደ ቁጥር መለወጥ ሲጀምሩ 9ን ከላይ፣ 1ን ከታች አስቀመጡት። ማለፊያው 4 ነው። ይህን ሳስረዳት ዝም አለች። ቆይታ፣ «በል እንግዲህ፣ አንተ የጽሑፍ ሰው ነህ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ አስጠናት» አለችኝ። እሷ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን ስትንከባከብ ታድራለች፤ ቅዳሜ ጠዋት የምትተኛበት ሰዓት ነው።

ፈተናው ጂሲኤስኢ የሚባለው ነው፤ የለንደን ሐበሻ ወላጅ ስሙን ሲሰማ ሆዱ የሚንቦጫቦጭበት። ልጆች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይቀመጡለታል። በእንግሊዝኛ ከ4 በታች ያመጣ ልጅ ወደ ኮሌጅ ቢሻገርም ዕዳው አብሮት ይሻገራል፤ እስከ 18 ዓመቱ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን መማር አለበት። የእህቴ ልጅ የምትፈተነው ኤኪውኤ የተባለው ቦርድ የሚያዘጋጀውን ነው። ሁለት ወረቀት አለው፤ እያንዳንዱ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተሰጥቶት ከ80 ይታረማል። ከ80ው 40ው ለንባብ፣ 40ው ለጽሕፈት ነው። በመጀመሪያው ወረቀት አይታው የማታውቀው የልቦለድ ቅንጫቢ ይቀርብላታል። በሁለተኛው ልቦለድ ያልሆኑ ሁለት ጽሑፎች ይመጣሉ፤ አንዱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወሰደ ነው። ከውጭ ለመጡ ልጆች በሌላ ትምህርት የሚፈቀደው የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት እዚህ ፈተና ክፍል ውስጥ አይገባም።

እኔ የማትሪክ ሰው ነኝ። ስለ ንባብ ፈተና የማውቀው ይህን ያህል ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብብ፣ ከጥያቄው አንድ ቁልፍ ቃል ያዝ፣ ያንን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልግ፣ አካባቢውን አይተህ ከአራቱ አንዱን አጥቁር። ጨርሶ ካልገባህ «ሲ»። ምንባቡ ስለ ንብም ይሁን ስለ ናፖሊዮን ለውጥ የለውም፤ ሙሉውን ያነበበ ሰው ሰዓት ያልቅበታል። በዚህ መንገድ አልፌያለሁ፤ አልዋሽም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ይህን የድሮ ትጥቄን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። ጥያቄው ባለ 8 ነጥብ ነው፦ ደራሲው ቤቱን ለመግለጽ ቋንቋን እንዴት ተጠቅሟል? ምርጫ የለውም። የሚጠቆር ነገር የለም። ከሥሩ ያለው ባዶ መስመር ብቻ ነው።

ለልምምድ በተሰጣት ቅንጫቢ አንድ ሰው በጭጋግ ውስጥ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ይሄዳል። ሲደርስ ደራሲው ገባ አይልም፤ በሩ ዋጠው ይላል። የእህቴ ልጅ የጻፈችው መልስ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ደራሲው ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል። ይህም አንባቢው ማንበቡን እንዲቀጥል ያደርገዋል።» ከ8 ያገኘችው 2 ነው።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አየሁት። የትኛውም ጽሑፍ ላይ ቢለጠፍ ይሄዳል። የድሮ ደብዳቤያችንን አስታወሰኝ፤ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ገጹ ይጋመስና ጸሐፊው ስለ ራሱ ገና አንድ ነገር አልነገረንም። ይህን ቀመር ማን አስተማረሽ አልኳት። ክፍል ውስጥ ሦስት ደረጃ ተሰጥቷቸዋል፤ ነጥብሽን ተናገሪ፣ ከምንባቡ ጥቀሺ፣ አብራሪ። ክፉ አይደለም። ክራንች ነው፤ እግሩ የዳነ ልጅ ግን መጣል አለበት። ደግሞ ማን ማንን ይወቅሳል? እኔስ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት እያልኩ ስም ስለጥፍ አይደል ያደግሁት? «ይህ ስንኝ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» ይባላል፣ ስሙን የጠራ ይጨበጨብለታል፣ ደወል ይደወላል። ገጣሚው ያንን ዘይቤ ለምን እንደመረጠ የጠየቀኝ መምህር ትዝ አይለኝም።

ያን ቀን ተበሳጭተን ሻይ እየጠጣን ሳለ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች፤ ወሬዋም የሰፈር ነው። «ምሳ አቅርበን ልንቀመጥ ስንል ያ የታች ሰፈሩ ሰውዬ ዘው ብሎ ገባልሽ!» አለቻት ለልጅቷ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

ስልኩ ሲዘጋ «ምን አሳቀሽ?» አልኳት።

«ዘው ብሎ ገባ ሲሉ ነዋ!»

«ገባ ማለት አይበቃም ነበር?»

«አይ ጋሼ፣ ዘው ሲሉ እኮ አላንኳኳም ማለት ነው። አላፈረም። ምሳ ሰዓቱን አውቆ ነው የመጣው።»

«ሰተት ብሎ ገባ ቢሉስ?»

አሰበች። «እሱ ደግሞ ቤተኛ ነው። አይናደዱበትም።»

«ሹልክ ብሎስ?»

«ሌባ!»

አላበቃሁም። «ገባልሽ» ያሉሽ ምን ማለታቸው ነው? ሰውዬው ለአንቺ ብሎ ገባ እንዴ? አልኳት። ይህኛው ቆየባት። የሲኒውን ጠርዝ በጣቷ እያዞረች፣ «እኔንም እዚያ ማዕዱ ጋ ቁጭ ሊያደርጉኝ ነው መሰለኝ» አለች። «አብሬያቸው እንድናደድ።»

በአራት ዓመት የለንደን ኑሮዋ እንዲህ ስለ ቋንቋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ባለ 8 ነጥቡ ጥያቄ የሚፈልገው ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። አንድ ቃል ላይ ቆም ማለት፣ በቦታው ሊመጡ ይችሉ የነበሩትን ዘመዶቹን ማሰብ፣ ይህኛው ተመርጦ ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ መናገር ነው። ዘው፣ ሰተት እና ሹልክ የሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ አንድ መደብ ናቸው፤ የአያቷ ቤት ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ወደ በሩ ተመለስን። «በሩ ዋጠው። አሁን ስሙን አትንገሪኝ፤ የሰማሽውን ንገሪኝ» አልኳት። «ሰውዬው የገባ አይመስልም» አለች። «የተወሰደ ነው የሚመስለው። ሥራውን የሠራው በሩ ነው፣ እሱ ምንም አላደረገም።» ቀጥላም፣ «የተዋጠ ነገር ደግሞ አይመለስም። ምናልባት ከዚያ ቤት አይወጣም ይሆናል።» ጻፊው አልኳት። ብዕሯን አነሳችና ቆመች። «ምናልባት ብዬ ልጻፍ? ያላጠናሁ አይመስልም?»

ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። እኛ ጋ «ምናልባት» ያለ ተማሪ ተነቃበት። መልስ ማለት የተሸመደደና ደረቱን ነፍቶ የቆመ ነገር ነው። እዚህ ደግሞ ምንባቡ ከሚለው ሳይወጡ «ሊሆን ይችላል»፣ «ምናልባት» ማለት ልጁ ከአንድ በላይ ትርጉም እንደታየው ስለሚያሳይ ያስመሰግናል። የፈተና አራሚዎች የሚያማርሩት የዘይቤ ስም እየደረደሩ ምን እንደሠራ በማይናገሩ ልጆች ላይ ነው። የእህቴን ልጅ ከሁሉ በላይ ያስቸገራት እንግሊዝኛው አልነበረም፤ እርግጠኛ ሳይሆኑ መጻፍ መፈቀዱን ማመን ነበር። እኔንም።

ይህን ስል ነገሩ በአንድ ሻይ ተፈታ ማለቴ አይደለም። ዘውን ከሰተት የለየችው ሁለቱንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጆሮዋ ስለሰማቻቸው ነው። በእንግሊዝኛ መንገዳገድንና መወላከፍን የሚለዩት ቃላት ለእሷ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ በሽምደዳ አይገኝም። ለዚህ መድኃኒቱ ንባብ ብቻ ነው፤ ንባብ ደግሞ ለፈተና ሁለት ወር ሲቀር የሚጀመር ነገር አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመኑን ጽሑፍማ እኔም ተንፏቅቄ ነው የምወጣው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲጀመር የነበረ ሰው ሲያልቅ አርጅቷል። እዚያ ላይ ያደረግነው ግሡን መፈለግ ነው። ማን ምን አደረገ? የአማርኛ ተናጋሪ ግሡን መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለምዷል፤ እንግሊዝኛው ከመሐል ሲወረውረው ያመልጠዋል። ይህን ካየች በኋላ ግሡን በእርሳስ ማክበብ ጀመረች፤ ቀለል አላት።

ቦርዱ ጽሑፉንና ጥያቄዎቹን ለማንበብ 15 ደቂቃ ያህል እንዲወሰድ ይመክራል። እሷ በ4 ደቂቃ ጨርሳ መጻፍ ትጀምር ነበር፤ የክፍል ጓደኞቿ ብዕር አንስተው ስታያቸው እጇን ይበላታል። 15ቱን ደቂቃ ሙሉ እጇን አጣጥፋ እንድታነብ ለማስለመድ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

የሚገርመኝ እህቴ ነች። ልጅቷን ለመርዳት «እኔ እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ትላለች። ሥራ ቦታ ስለምትንከባከባቸው ሰዎች ስታወራ ግን አንዷ አሮጊት ወተቱን ስትጠጣ «ፉት»፣ ሌላዋ «ግጥም» ታደርጋለች። ልጇ እነዚህን ሁለቱን ሰምታ የትኛዋ የተጠማች እንደሆነች ታውቃለች። እንቅልፏን ትታ ታስጠና አልልም፤ እራት ላይ የምታወራውን ታውራ።

ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ደወለች። የሰፈሯ ሰውዬ ለልጅ ልጇ ማስጠኛ መሆኑን ነገርኳት፤ ክፍል ድረስ ሄዶ አስተማሪዋ ሁሉ ስለ እሱ እንደሰማች ጨመርኩላት። ትንሽ ዝም አለች።

«ውይ!» አለች። «እዚያም ዘው አለ?»