ፈቃድ መጠየቅ ንቀት አይደለም



ስለ ቻይና ባሕላዊ ሕክምና ሲወራ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ያድናል ወይስ አያድንም?» በሚል ይጀመራል። አንዱ ወገን በሺህ ዓመታት የተፈተነ ጥበብ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በቤተ ሙከራ ያልተረጋገጠ ነገር ነው ብሎ ያጣጥለዋል። በዚህ ወር ዓምዳችን ይህን ክርክር ለተመራማሪዎች ትተን ለቤተሰብ ይበልጥ የሚቀርበውን ጥያቄ እናነሳለን። መርፌውን የሚወጋው፣ ሥራ ሥሩን የሚቀምመው ሰው ማን ነው? የት ተማረ? ጉዳት ቢያደርስስ ተጠያቂው ማን ነው?

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። ይህን ሕክምና የሚፈቅድ አገር ሁሉ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ የሚይዝ ሕግ ሊኖረው ይገባል። እነርሱም የሐኪሙ እጅ፣ የሚሰጠው መድኃኒት እና የሚናገረው ቃል ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተዘነጋ በክፍተቱ የሚወድቀው በሽተኛው ነው። ይህ ግምት ሳይሆን የደረሰ ነገር ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕግ በሌለበት ማን ይጠየቃል?

በ2010 በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት አንድ ክስ ታይቶ ነበር። አንዲት ሴት ለቆዳ ሕመሟ ከአንድ የቻይና መድኃኒት መደብር እንክብል እየገዛች ከ1997 ጀምሮ ከአምስት ዓመት በላይ ወሰደች። እንክብሉ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ነበረበት። ይህ ንጥረ ነገር ኩላሊትን የሚያጠፋና ካንሰር የሚያመጣ ሲሆን፣ ብሪታንያም ያሉባቸውን ዕፀዋት በ1999 አግዳለች። ሴትዮዋ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ከጥቅም ውጪ ሆኑባት፤ በሽንት መተላለፊያዋ ላይም ካንሰር ወጣባት።

መድኃኒቱን የሸጠችው ባለሙያ ግን የተፈረደባት ለሁለት ዓመት ሌላ ጥፋት እንዳትፈጽም በሚያስገድድ ገደብ ብቻ ነበር። ለምን? አደገኛ መሆኑን አታውቅም ነበር ተባለ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሙያ የሚሠራ ሰው ይህን እንዲያውቅ፣ እንዲፈተን ወይም በመዝገብ እንዲሰፍር የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ዳኛውም ዘርፉ ቁጥጥር የሌለው መሆኑን አንስተው ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ልብ በሉ! አለማወቅ ለሐኪም ማምለጫ የሚሆነው ማወቅ ግዴታ ባልተደረገበት አገር ብቻ ነው።

ይህ መርሕ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአቡ ዳውድና በሌሎችም የሐዲስ መዛግብት እንደተዘገበው፣ በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ ሰውን የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የፊቅህ ሊቃውንትም ከዚህ ተነስተው የሐኪምን ኃላፊነት በሰፊው አብራርተዋል። የሐኪም ምዝገባና ፈቃድ ዛሬ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የታወቀውን ካልታወቀው ይለያል።

ሐኪሙ ቢታወቅም ቅጠሉ ካልታወቀ

ሐኪሙን ብቻ መመዝገብ ግን በቂ አይደለም። የቤልጅጉን ታሪክ እንመልከት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ከተማ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ሲታከሙ የነበሩ ሴቶች ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ዝርዝሩ በ1993 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። በኋላም የተጎጂዎቹ ቁጥር ከመቶ በላይ ደረሰ። ብዙዎቹ ለኩላሊት እጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳርገዋል።

ምክንያቱ የስም መመሳሰል ነበር። በሐኪም ማዘዣው ላይ የነበረው ተክል በቻይንኛ «ፋንግ ጂ» ይባላል። በፋንታው የመጣው ግን «ጓንግ ፋንግ ጂ» የሚባለው፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ሌላ ተክል ነው። በስም ይቀራረባሉ፤ ደርቀው ሲከተፉና ሲፈጩ ደግሞ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። ማዘዣው ከክሊኒክ ቢወጣም ከባሕር ማዶ የመጣውን ጆንያ ከፍቶ የመረመረ ባለመኖሩ ያ ሁሉ ሰው ተጎዳ። ቻይና ራሷ በ2003 እና በ2004 አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለባቸውን አንዳንድ ተክሎች ከመድኃኒት ዝርዝሯ አስወጥታለች።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። ሊያድን አቅም ያለው ቅጠል ሊጎዳም አቅም አለው። የመርፌውም ሕክምና (አኩፓንክቸር) እንደዚሁ ነው። በሠለጠነ ሰው እጅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ንጹሕ መርፌ ሲሠራ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ባልሠለጠነ እጅ ግን ሳንባን ሊበሳ፣ መርፌው ለሌላ ሰው ከዋለ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን የመሰለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። አባቶቻችን ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፤ ያላዋቂ ወጊማ የባሰ ነው።

ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎችስ?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ሕግ ሲመጣ ከአባታቸው ወይም ከመምህራቸው ሥር ሆነው ሙያውን የተማሩ፣ ነገር ግን የትምህርት ቤት ወረቀት የሌላቸው አዛውንቶች ይጎዳሉ የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በ1929 የቻይና መንግሥት የጤና ኮሚቴ ነባሩን ሕክምና ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ሐሳብ አጽድቆ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ ባለሙያዎች ሻንጋይ ላይ ተሰብስበው አጥብቀው በመቃወማቸው ሐሳቡ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የወጡ ሕጎች ግን ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይተዋል። ሆንግ ኮንግ በ1999 የቻይና ሕክምና ሕግ ስታወጣ በሥራ ላይ የነበሩትን በአንድ ጀምበር አላባረረችም። እስከ ጥር 3 ቀን 2000 ድረስ ሲያክሙ የነበሩት በዝርዝር ተይዘው እንዲቀጥሉ ፈቀደች። ረጅም የሥራ ዘመን ያላቸው ያለ ፈተና፣ ሌሎቹ ተፈትነው እንዲመዘገቡ መንገድ ከፈተችላቸው። ዕፀዋቱንም በሕጉ ሰንጠረዥ ለየች። 31 መርዛማ የሆኑትን በአንድ ወገን፣ 574 ሌሎችን በሌላ ወገን አሰፈረች። ከ31ዱ አንዱን ለመሸጥ የተመዘገበ ሐኪም ማዘዣ የግድ ነው። ሐኪሙንና ቅጠሉን አንድ ላይ መያዝ ማለት ይህ ነው።

ቻይናም በ2016 መጨረሻ ያጸደቀችውና ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ በመምህር ሥር ለተማሩት በር ከፍቷል። ቢያንስ ሁለት የሙያው ሐኪሞች ከመሰከሩላቸውና በክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ተፈትነው ካለፉ ፈቃድ ያገኛሉ። ስለዚህ ዕውቀት ያለው አዛውንት ከሕግ የሚፈራው ነገር ሊኖር አይገባም። የሚፈራው ዕውቀት የሌለው ነው።

«ፈቃድ መስጠት ማሞካሸት አይሆንም ወይ?»

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው። መንግሥት አንድን ሕክምና በሕግ ሲያቅፍ ሕዝቡ «መንግሥት መድኃኒትነቱን መሰከረለት» ብሎ ሊያምን ይችላል። በብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ኮሚቴ በ2000 አኩፓንክቸርና የዕፀዋት ሕክምና በሕግ እንዲመዘገቡ መክሮ ነበር። በ2015 የቀረበ ሌላ ጥናት ግን የዕፀዋት ሐኪሞችን በሕግ መመዝገብ አልደገፈም፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ስለ ፈዋሽነቱ በቂ ማስረጃ የለም የሚል ነበር። እስከ ዛሬም በዚያ አገር ምዝገባው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ተቃውሞውን እናከብራለን፤ መደምደሚያውን ግን አንቀበልም። ማስረጃው ተሟልቶ እስኪመጣ በሽተኛው ቤቱ አይቀመጥም። መደብሩም ክፍት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እንዲያውም ማስረጃው በሳሳበት ቦታ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ምዝገባውን መተው ሳይሆን የምዝገባን ትርጉም ለሕዝብ በግልጽ መንገር ነው። ፈቃድ ማለት «ይህ ሰው የተወሰነ ትምህርትና ፈተና አልፏል፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ አለው» ማለት ነው። «መድኃኒቱ በሽታህን ያድናል» ማለት አይደለም።

በዚህ ረገድ አውስትራሊያ ጥሩ ምሳሌ ናት። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ2000 ሕግ አወጣች። ከሐምሌ 1 ቀን 2012 ጀምሮም ምዝገባው በመላ አገሪቱ ሆነ። የመርፌ ሐኪሙ፣ የዕፀዋት ሐኪሙና መድኃኒት አዳዩ በየክፍላቸው ይመዘገባሉ። ሳይመዘገቡ በእነዚህ የሙያ ስሞች መጠራት ወንጀል ነው። አሳሳች ማስታወቂያም ክልክል ነው። ማንኛውም ሰው የባለሙያውን ስም ለሕዝብ ክፍት ከሆነው መዝገብ ፈልጎ ማግኘትና ገደብ ተጥሎበት ከሆነም ማየት ይችላል። እጅም ቃልም በሕግ ተይዘዋል ማለት ነው።

ሕጉ ለበሽተኛው መቆሙን ትቶ ለሙያው ዘብ ሲቆም ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2020 የቤጂንግ ከተማ ባቀረበችው ረቂቅ ደንብ ውስጥ የቻይናን ባሕላዊ ሕክምና «ስም ማጥፋት» የሚያስቀጣ አንቀጽ ነበር። ሕዝቡ ተቃወመና አንቀጹ ወጣ። ደግ ሆነ! ጎዳኝ የሚለውን በሽተኛ አፍ የሚዘጋ ሕግ የሕክምና ሕግ ሊባል አይችልም። በ2017ቱ የቻይና ሕግም ቢሆን በጥንታዊ መጻሕፍት የተመዘገቡ አንዳንድ ቅመሞች በሰው ላይ ሳይሞከሩ ለፈቃድ እንዲቀርቡ መፈቀዱ ድክመት ነው እንላለን። ዕድሜ ክብር ይሰጣል እንጂ ምርመራን አይተካም።

እኛን በተለይ የሚመለከተን

ማሌዢያ በ2016 ባወጣችው የባሕላዊና ተጓዳኝ ሕክምና ሕግ የቻይናውን፣ የማላዩን፣ የሕንዱንና እስላማዊውን ሕክምና በአንድ ምክር ቤት ሥር አድርጋለች። ሙስሊም የበዛበት አገር ለእምነት ወንድም የተለየ በር አልከፈተም። ይህ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ዋግምት (ሒጃማ) የሚሠራውም ሰው እንደ ቻይናዊው ሐኪም ሥልጠናውና ንጽሕናው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሌላው የመለያ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። «ኤጂያዎ» የሚባለው፣ ደም ይጨምራል ተብሎ በተለይ ለሴቶች የሚሸጠው የቻይና መድኃኒት የሚሠራው ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ነው። በአልኮል የተዘፈዘፉ መድኃኒቶችም አሉ። የለማዳ አህያ ሥጋ በአብዛኛዎቹ ዑለማዎች ዘንድ ሐራም መሆኑ ይታወቃል፤ የቆዳውን መድኃኒት በተመለከተ ዓሊሞችን መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ለመጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ከአገራችንም የራቀ አይደለም። በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ በ2017 ተዘግቷል። የአፍሪካ ኅብረትም በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመታት እንዲታገድ ወስኗል። እንግዲህ በመድኃኒት ውስጥ ያለውን ሁሉ በሚነበብ ቋንቋ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሕግ ጤናንም ሃይማኖትንም ይጠብቃል።

ከመታከም በፊት

ወንድሞችና እህቶች፣ በአገር ውስጥም ሆነ በዐረብ አገራት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ሁሉ፣ ወደዚህ ሕክምና የምትሄዱ ከሆነ አራት ነገሮችን ጠይቁ።

1. የባለሙያው ስም በየትኛው መዝገብ ይገኛል? ፈቃዱንስ የሰጠው ማን ነው?
2. መድኃኒቱ ውስጥ ምን ምን አለ? ስማቸው ተጽፎ ይሰጠን። «የቤተሰብ ምስጢር ነው» የሚል መልስ ከሰማችሁ መድኃኒቱን ትታችሁ ውጡ።
3. መርፌው አዲስና የታሸገ ነው?
4. ጉዳት ቢደርስ አቤቱታ የሚቀርበው ለማን ነው?

የምትወስዱትን ቅጠል ሁሉ ለሆስፒታል ሐኪማችሁ ንገሩ። የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለኩላሊት ሕሙማን ይህ የግድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መድኃኒቱን የደበቀም ሐኪም ሊረዳው አይችልም። የስኳር ወይም የካንሰር መድኃኒታችሁን እንድታቋርጡ የሚነግራችሁን ሰው ደግሞ ፈቃድ ቢኖረውም አትስሙት።

ብዙዎቻችን በዕድሜ የገፋን፣ ፂሙ የሸበተን ባለሙያ «ወረቀትህን አሳየኝ» ማለት ነውር ይመስለናል። ነውር አይደለም። አማና የተሸከመ ሰው ሲጠየቅ አይከፋውም። አውቆ የሚሠራ ሐኪም ፈቃዱን በግድግዳው ላይ የሚሰቅለው እንድናነበው ነው። ስለዚህ ቀና ብለን እናንብበው።