ውጤት የሚያሳይ ሳይት በሁለት ቀን ይሠራል፤ የሚያጋልጠውን ልጅ ግን ማን ያስበዋል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ሳይቱ አይከፍትም፣ ቦቱ አይመልስም፣ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ "እስቲ እንደገና ሞክሪው" ይላል። ሊነጋ ሲል ለአንዱ ይገባለታል፤ ከዚያ ስክሪንሾቱ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ መዞር ይጀምራል።

በማግስቱ ጥያቄው ይቀየራል። "አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?" የነበረው "የኛ ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ? ከነሱ እንበልጣለን?" ይሆናል። ይህንን የሚመልሱ ገጾች፣ ቦቶችና ግራፎች የሚፈሉት ያኔ ነው። እኛም ከሠሪዎቹ መሀል ነበርን። ዛሬ የምንጽፈው ከዚያ የተማርነውን ነው።

የሠራነው ነገር

ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት ስም አጥፍቶ በኤክሴል ይልካል። የኛ ሲስተም ፋይሉን አንብቦ ለዚያ ትምህርት ቤት ብቻ የሚሆን ትንሽ ሳይት ይፈጥርና ሊንኩን መልሶ ይልካል። ስንት ተፈተኑ፣ ስንቱ 50% እና ከዚያ በላይ አመጡ፣ በየትምህርት ዓይነቱ አማካዩ ስንት ነው፣ ወንድና ሴት እንዴት ናቸው፤ ሁሉም በግራፍ። ጠያቂ ሲመጣ ሳይቱ ይፈጠራል፣ ካልመጣ የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ድሮ ባለሙያ መቅጠርና ሰርቨር መከራየት ይፈልግ ነበር። አሁን ነጻ የኮድ መሣሪያዎች አሉ፣ ኮድ የሚጽፍ ኤአይ አለ፣ ያለቀ ገጽ በነጻ የሚያስቀምጡ እንደ ጊትሀብ ፔጅስ ያሉ አገልግሎቶች አሉ። ቅዳሜና እሁድ በቃን።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ወደደው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግን ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከተፈታኞቹ ሴቶቹ አራት ብቻ ናቸው። ሲስተሙ እንደታዘዘው "ሴት፦ 4 ተፈታኝ፣ 1 ያለፈች" የሚል ያማረ ክብ ግራፍ ሠራ። ሊንኩ የሰፈሩ ግሩፕ ላይ ተለጠፈ።

ማታ ላይ አንድ መምህር ደወሉልን። "ልጆቼ፣ ስም አልጻፋችሁም፣ ልክ ነው። ግን ያለፈችውን ልጅ አገሩ በሙሉ ያውቃታል። የቀሩት ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ታዲያ ምን ያቅታል?" አሉን። ከሦስቱ አንዷ ውጤቷን ለቤተሰቧ ገና አልነገረችም ነበር። አባቷ የሰሙት ግራፉን ካየ ጎረቤት ነው።

ገጹን በዚያው ሌሊት አጠፋነው። ስክሪንሾቱን ግን ማጥፋት አልቻልንም።

ታዲያ ለምን ይፈለጋል?

"ይቅርባችሁ፣ አትሥሩት" ማለት ይቀላል። ግን ፍላጎቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአንድ ጫፍ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ውጤት ያያል። በሌላው ጫፍ ትምህርት ሚኒስቴር በመግለጫ የአገር አቀፉን ቁጥር ይነግረናል። ወላጅ በጣም የሚፈልገው ግን መሀሉን ነው፦ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንዴት ነው? በሒሳብ የወደቀው ልጄ ብቻ ነው ወይስ ክፍሉ በሙሉ? ክፍሉ በሙሉ ከሆነ ጥያቄው ከልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞራል።

የአገር አቀፉ ቁጥር ራሱ እንዴት እንደሚሳል አስቡት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50% እና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3% ማለት ነው። በ2015 ወደ 3.2% ወረደ። በ2016 5.4% ሆነ። በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4%።

ፐርሰንቱን ብቻ በመስመር ግራፍ ብትስሉት መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። "በሦስት ዓመት ሁለት ተኩል እጥፍ አደገ" ብሎ መለጠፍ ይቻላል፣ ውሸትም አይደለም። ግን ያለፉትን ሰዎች ብትቆጥሩ እድገቱ ሁለት እጥፍ እንኳን አይሞላም፤ አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከታችኛው ቁጥር። በ2014 እና በ2017 መካከል የተፈታኙ ቁጥር ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል።

ያለፈው ሰው በእርግጥ ጨምሯል፤ ያንን ማንም መካድ የለበትም። ግን ፈተና ላይ ያልተቀመጠ ልጅ ፐርሰንት ውስጥ አይገባም። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ተማሪዎች በ"ወደቁ" አምድ ውስጥም በ"አለፉ" አምድ ውስጥም የሉም። ግራፉ ላይ ጭራሽ አይታዩም። ፐርሰንት ብቻ የሚያሳይ ገጽ ስታዩ መጀመሪያ "ከስንት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሳይቱ ሌሊት ላይ ለምን ይወድቃል?

እንዲህ ያለ ሳይት የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ገጹ የሚዘጋጀው ሰው ሲጠይቅ ነው። አንድ ተማሪ ቁጥሩን ሲያስገባ ሰርቨሩ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል፣ ገጹን ይሠራል፣ ይልካል። አንድ ሰው ሲጠይቅ ከመቅጽበት ያልቃል። መቶ ሺህ ሰው በአንድ ደቂቃ ሲጠይቅ ግን ወረፋው ይረዝማል። ያልተመለሰለት ሁሉ ደግሞ ገጹን ደጋግሞ ስለሚከፍት ወረፋው የባሰ ይረዝማል። እኛው ራሳችን እናፍነዋለን ማለት ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። ውጤት ከተለቀቀ በኋላ፣ በቅሬታ ካልተስተካከለ በቀር፣ አይለወጥም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተማሪ ገጽ ቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥና ሲጠየቅ ማንሳት ብቻ ይቻላል። እንጀራውን እንግዳ ከመጣ በኋላ ምጣድ ከመጣድ፣ ቀድሞ ጋግሮ ሞሶብ ውስጥ ማስቀመጥ በሉት። አጭር መልዕክትና የቴሌግራም ቦት መጨመሩም ጫናውን ከፋፍሎታል፤ ከ6284 መልስ ያገኛችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ግን ቀድሞ መጋገርም የራሱ አደጋ አለው። የገጹ አድራሻ የተማሪው የምዝገባ ቁጥር ከሆነ፣ አንድ ቁጥር ቀንሶና ጨምሮ የጎረቤትን ውጤት መክፈት ይቻላል። ስምና ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ ገጽም ቢሆን የክፍል ጓደኛን አያግድም፤ የሁላችንንም ስም ያውቃል፣ ቁጥራችንንም መገመት አያቅተውም። የሚሻለው ተማሪው ብቻ የሚያውቀው የሚስጥር ኮድ ቀድሞ መስጠት ነው።

ቁጥር ሲያንስ ሰው ይታያል

ወደራሳችን ስህተት እንመለስ። ስም ማጥፋት በቂ መስሎን ነበር፤ አይደለም። አራት ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ግራፍ ማለት የስም ዝርዝር ማለት ነው። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የትምህርት ቤት ውጤት ሲያወጡ ከ10 ተማሪ በታች የሆነ ቡድንን ውጤት የሚደብቁት ለዚህ ነው።

መደበቁም ብልጠት ይፈልጋል። የሴቶቹን ቁጥር ደብቀን ጠቅላላውንና የወንዶቹን ብናሳይ፣ ማንም ቀንሶ ያገኘዋል። አንዱ ሲደበቅ ሁለተኛውም መደበቅ አለበት። ደግሞ ከትንሽ ቁጥር ፐርሰንት ማውጣት ያሳስታል፤ አምና አንድ ተማሪ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሁለት ቢያሳልፍ "100% እድገት" ብሎ ባነር ይሰቅላል።

ከሁሉ የሚከብደው ዜሮ ነው። በ2014ቱ ፈተና ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ሚኒስቴሩ ራሱ ተናግሯል። አንድ ትምህርት ቤት ዜሮ አሳለፈ ከተባለ፣ የተፈታኙ ብዛት መቶም ይሁን ሁለት መቶ፣ የሁሉም ውጤት ታወቀ ማለት ነው። ታዲያ ይደበቅ?

እዚህ ላይ በመካከላችን ተከራክረናል። የደረስንበት ይህ ነው፦ የትምህርት ቤት ዜሮ መደበቅ የለበትም። መቶ ልጅ በአንድ ላይ ሲወድቅ የመቶ ልጅ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። መምህር ነበረ ወይ፣ መጽሐፍ ደርሶ ነበር ወይ፣ ላብራቶሪ ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ተጠያቂ የሚያደርገው ትምህርት ቤቱን፣ ትምህርት ቢሮውንና መንግሥትን ነው። በክፍል፣ በፆታ፣ በቀበሌ እየተሸነሸነ ወደ ልጆቹ ሲወርድ ግን ተጠያቂው ይቀየርና ተሸማቃቂዋ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ትሆናለች።

ደረጃ ማውጣትም ሌላ ጣጣ ነው። እንግሊዝ ከፈረንጆቹ 1992 ጀምሮ የትምህርት ቤቶችን ውጤት በሰንጠረዥ ታወጣለች። ጎረቤቷ ዌልስ በ2001 ተወችው። ኬንያ ደግሞ በ2014 ትምህርት ቤቶችን በብሔራዊ ፈተና ደረጃ መስጠትን አገደች፤ ክርክሩ ግን አላበቃም። አንደኛና መቶኛ ብሎ መደርደር የሚማርክ ግራፍ ይሠራል፤ ተማሪን በፈተና መርጦ የሚቀበለውን አዳሪ ትምህርት ቤትና መጽሐፍ ያልደረሰውን የገጠር ትምህርት ቤት ግን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል።

ሕጉስ?

ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰው የግል መረጃ ሰብስቦ ለማሰራጨት ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልጋል። "ከግሩፕ ላይ ያገኘሁት ነው" ማለት ምክንያት አይደለም። የተማሪ ስምና ውጤት የያዘ ፋይል ተቀብላችሁ ቦት ብትሠሩ፣ ኃላፊነቱ ፋይሉን የላከላችሁ ብቻ ሳይሆን የናንተም ነው። ይህንን እኛ ሥራውን ስንጀምር አላነበብነውም ነበር። ማንበብ ነበረብን።

አሁን የምንሠራበት መንገድ

ሲስተሙን አልዘጋነውም፤ አስተካከልነው። ከ10 ተማሪ በታች የሆነ ቡድን አይታይም፣ በመቀነስ ሊገኝ የሚችለውም አብሮ ይደበቃል። ከእያንዳንዱ ፐርሰንት ጎን "ከስንት" የሚለው ይጻፋል። ስም ወይም የምዝገባ ቁጥር ያለበት ፋይል ከመጣ ሲስተሙ ራሱ ይመልሰዋል። ገጹ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ይላካል፤ እሺ ሲሉ ነው የሚወጣው። ሳይቱ በ30 ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ግራፎቹንም ቀላል አደረግናቸው፣ በትንሽ ፓኬጅ የሚከፍት ልጅ ዳታው እንዳያልቅበት።

እናንተ ደግሞ ዘንድሮ ውጤት ስትጠብቁ ሦስት ነገር ያዙ። ሊንኩን ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የራሱ ገጽ ውሰዱ እንጂ ከግሩፕ አትቀበሉ። ውጤት ለማሳየት ብር፣ የይለፍ ቃል ወይም የቴሌግራም ኮድ የሚጠይቃችሁ ሁሉ ሌባ ነው። የጓደኛችሁን ውጤት ሳይፈቅድላችሁ አታዩ፣ ካያችሁም አትለጥፉ።

የመምህሩን ስልክ አሁንም ይዘነዋል። አዲሱን ገጽ ስንጨርስ መጀመሪያ የላክነው ለሳቸው ነው። አይተው "አሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ነው የሚያወራው" አሉን። ስለ ልጅቷ ጠየቅናቸው። ሪሚዲያል ገብታለች።

እናንተ ትምህርት ቤት ውጤቱ በይፋ ይለጠፋል? ቢለጠፍ ደስ ይላችኋል ወይስ አይላችሁም? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ የሰው ስም ግን አትጥቀሱ።