ስላይሮፕላን ማረፊያዎች ማዕርግና ስለ ሰሜን ጎንደር ደጋ

ስላይሮፕላን ማረፊያ ነገር በተነሣ ቍጥር የብዙ ሰው አሳብ ወዲያው ወደ ቦሌ ይሄዳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በቢሾፍቱ አጠገብ ስለ ታቀደው ታላቅ ማረፊያ በየስፍራው ይነገራል፤ ሥራው በየክፍሉ ተፈጽሞ ባለቀ ጊዜ በዓመት እስከ 100 ሚሊዮን የሚደርስ መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ይጠበቃል። ይህን የመሰለ ሥራ ላገር ክብርና ጥቅም መሆኑን የሚክድ አይገኝም። ዳሩ ግን ሰፊ አገር በአንድ ታላቅ በር ብቻ አይገለገልም። አዳራሽ የሠራ ባለቤት እልፍኝና ጓዳ፥ ጎተራና የጓሮ በር ያስፈልገዋል፤ አዳራሹ ስላማረ ጓዳው ይቅር የሚል የለም። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናሳስብ የወደድነው ስለ ማረፊያዎች ማዕርግ ሲሆን ምሳሌያችንም የጎንደር ከተማና ከርሷ በስተ ሰሜን እስከ ስሜን ተራራ የተዘረጋው ደጋ ነው።

አይሮፕላን አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው። ያን ቀን ሕዝቡ በደስታና በመደነቅ ተቀበለው። የሰሜን ሰው ግን አይሮፕላንን በሰፊው ያወቀው በሌላ መልክ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም በተከዜ አጠገብ በልዑል ራስ እምሩ ጦር ላይ የጠላት አይሮፕላኖች የመርዝ ጢስ ሲያፈሱበት፥ ወታደሩ ከሰማይ የሚመጣውን በምን ጋሻ እንደሚመክተው አላወቀም ነበር። ዛሬ የጎንደር ማረፊያ የሚገኝበት የአዘዞ ሜዳም አስቀድሞ የተደለደለው በዚያው በጠላት እጅ፥ ለጦር ሥራ ነው። በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም በጎንደር የነበረው የኢጣሊያ ጦር እጁን በሰጠ ጊዜ ሜዳው ለባለአገሩ ተመለሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጕዞ አደረገ። ስለዚህ ለመግደል የተሠሩ ሜዳዎች ለንግድና ለሕክምና፥ ለፖስታና ለመንገደኛ ሊውሉ ቻሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ ዘመን የነበረው ዲሲ 3 የተባለው አይሮፕላን ትዕግሥተኛ ነበር። አስፋልት አልጠየቀም፤ ድንጋዩ የተለቀመለት፥ ጕድጓዱ የተደፈነለት የሣር ሜዳ ይበቃው ነበር። አይሮፕላኑ በሰማይ ሲያጓራ ዘበኛው ከብቱንና በጉን ከሜዳው እያባረረ ይሮጥ እንደ ነበር በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዛሬም እየሣቁ ያወሩታል። ነጋዴው ከቡና ጆንያ ጋራ ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር እንጂ ስለ መቀመጫው ልስላሴ የሚጠይቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጄት መጣ። በ1955 ዓ.ም ቦይንግ 720 ሲገዛ የልደታ ሜዳ አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ የዋና ከተማው ማረፊያ ወደ ቦሌ ተዛወረ። አይሮፕላኑ እየከበደ በሄደ መጠን ማረፊያውም እየተመረጠ ሄደ። ይህ ደግሞ የሥልጣኔ ግዴታ ስለ ሆነ ማንንም አንወቅስበትም፤ ነገር ግን በዚህ ምርጫ ምክንያት ትንንሾቹ የሣር ሜዳዎች አንድ በአንድ ተረስተው እንደ ገና ማሰማሪያና እርሻ መሆናቸውን ሳንናገር አናልፍም።

እንግዲህ ዛሬ ያለውን ማዕርግ እንመልከት። በላይ ያለው ቦሌ ነው፤ የባሕር ማዶ አይሮፕላኖች ሁሉ የሚገናኙበት፥ ማኮብኮቢያውም 3,800 ሜትር የሚረዝም ነው። ከዚያ ቀጥለው ጎንደር፥ ባሕር ዳር፥ ላሊበላ፥ ኮምቦልቻ፥ መቀሌ፥ አክሱም፥ ጅማና እነዚህን የመሳሰሉ ይመጣሉ። ዛሬ ባፄ ቴዎድሮስ ስም የሚጠራው የአዘዞ ማረፊያ 2,700 ሜትር ያህል የሚረዝም አስፋልት ስላለው ዳሽ 8 የተባለው የአገር ውስጥ አይሮፕላን ብቻ ሳይሆን ቦይንግ 737 ያርፍበታል። ካዲስ አበባ በመኪና 730 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። በጥምቀት ሰሞን የሚመጣውን እንግዳ ብዛት ያየ፥ የፋሲል ግንብ በ1972 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ ከተማዪቱ ካይሮፕላኑ ያገኘችውን ጥቅም ይገምታል። የላሊበላም ነገር እንዲሁ ነው፤ ማረፊያው የሣር ሜዳ በነበረበት ዘመን ክረምት ሲገባ ይዘጋ ነበር፤ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ግን ዓመቱን በሙሉ ይሠራበት ጀመር።

ለጦር አየር ኃይል ብቻ የተለዩ ማረፊያዎች አሉ፤ ስለ እነርሱ እዚህ ብዙ አንናገርም። በቆላው ሰፊ እርሻ ደግሞ ተባይ የሚረጩ ትንንሽ አይሮፕላኖች በጠጠር ሜዳ ላይ ይነሡና ያርፉ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ እሸት የተባለው የርጭት አይሮፕላን ባገራችን ሰዎች እጅ እስከ መገጣጠም ተደርሶ ነበር። እንግዲህ ለታላቁ መንገደኛ ቦታ አለው፤ ለጎብኚው ቦታ አለው፤ ለወታደሩና ላንበጣው እንኳ ታስቦለታል። የጐደለው አንድ ማዕርግ ብቻ ነው፤ እርሱም በከፍተኛው ደጋ ላይ የሚኖረው በሽተኛ የሚነሣበት ትንሽ ሜዳ ነው።

ከደባርቅ፥ ከጃናሞራ፥ ከበየዳ፥ ከጠለምት ይልቅ ይህ ጕድለት ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ብዙ የለም። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከ2,800 ሜትር ያልፋል። እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ደኅና ነው። ጭንቁ ከዚያ ወዲያ ነው፤ በአንድ ወገን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን መንገዱ በስሜን ተራራ አጠገብ እየዞረ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ይዘልቃል፤ በላዩም ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ዳሸን ቆሟል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል ለገደል ለሚሄድ ጐረምሳ፥ መኪና እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፈው ሰዓት የሴቲቱ ዕድሜ ነው። በክረምት መንገዱ በጭቃ ሲያዝማ ነገሩ ይብሳል።

የሚያሳዝነው፥ ሐኪሙ ሩቅ አለመሆኑ ነው። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፥ ሆስፒታሉ ከመላው ሰሜን ምዕራብ የሚላኩትን በሽተኞች ይቀበላል። ከበየዳ እስከ ጎንደር ወፍ በሚሄድበት መንገድ ቢለካ ለትንሽ አይሮፕላን ያንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። በ1977 ዓ.ም በረኃቡ ጊዜ ምን እንደ ተደረገ ማስታወስ ይገባል፤ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አይሮፕላኖች ማረፊያ በሌለበት ደጋ ላይ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህሉን ጆንያ ከሰማይ ይጥሉ ነበር። እህል እንዲህ ሊጣል ይችላል፤ በሽተኛ ግን እንዲህ ሊነሣ አይችልም።

በባሕር ማዶ ይህ ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። በአውስትራሊያ በረሓ ለተበተነው ሕዝብ በራሪ ሐኪም የተቋቋመው በ1920 ዓ.ም ነው። በአላስካ የክፍለ አገሩ መንግሥት ራሱ ከ200 የሚበልጡ ማረፊያዎች ያስተዳድራል፤ አብዛኞቹም ጠጠር ለብሰው በመኪና መንገድ ያልተገናኙትን መንደሮች የሚያገለግሉ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የሌሶቶ ምሳሌ ነው። ያ አገር እንደ ስሜን ተራራማ ሆኖ፥ ሀብቱም ከእኛ እጅግ የራቀ ሳይሆን፥ በተራራ ላሉት ክሊኒኮች መድኃኒትና ሐኪም በትንሽ አይሮፕላን እያመላለሰ በአጫጭር ሜዳዎች ይጠቀማል። በሩዋንዳ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ሰው የማይሳፈርባት ትንሽ አይሮፕላን ለየሆስፒታሉ ደም ታደርሳለች፤ ለርሷ ማረፊያ ሜዳ እንኳ አያስፈልግም። ይህም ለደጋው መልካም ነው፤ ነገር ግን ደም ታደርሳለች እንጂ ወላድ አታመጣም።

የደጋው ጠባይ ሥራውን እንደሚያከብደው እናውቃለን። በከፍታ ያለው አየር ስስ ስለ ሆነ ክንፉን የሚደግፈው ኀይል ያንሳል፥ ሞተሩም ይደክማል፤ ስለዚህ በቆላ በአጭር ሜዳ የሚነሣ አይሮፕላን በደባርቅ ከፍታ ወይ ሜዳው ሊረዝምለት ወይ ጭነቱ ሊቀነስለት ግድ ነው። አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ሆና ይህን ያህል አስፋልት ከፈለገች፥ በደባርቅ ጄት ይረፍ ማለት ከንቱ ምኞት ነው። እኛም አንለውም። ትዊን ኦተር የተባለው በአጭር ሜዳ የሚነሣ አይሮፕላን ግን ለእንዲህ ያለ ስፍራ የተሠራ ነው፤ አየር መንገዳችንም በ1970ዎቹ ገዝቶ በገጠር መስመር ሲሠራበት ነበር። ሄሊኮፕተርም አለ፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ፥ ጥገናው ብዙ፥ በከፍታም ላይ አቅሙ የሚቀንስ ስለ ሆነ የዘወትር አገልጋይ ሊሆን አይችልም።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ገንዘብ ለመንገድ ቢውል አይሻልም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ትክክል ነው። እህል፥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በመኪና እንጂ በአይሮፕላን አይመጣም፤ ስለዚህ መንገድ ይቅር የሚል ከእኛ ወገን አይደለም። ነገር ግን ጠጠር የለበሰ አጭር ሜዳ የሚፈጀው ገንዘብ ገደል እየፈለጡ ከሚሠሩት መንገድ ጋራ የሚተካከል አይደለም። የሚከብደው ሜዳውን መሥራት ሳይሆን መጠበቁ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሞተሩ ውስጥ ገብቶበት ሲወድቅ፥ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። በአስፋልት ማረፊያ ላይ ወፍ ይህን ካደረገ፥ አጥርና ዘበኛ በሌለው የሣር ሜዳ ላይ ላምና አህያ ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያዳግትም። ጠባቂ የሌለው ሜዳ ከሚሠራ ባይሠራ ይሻላል።

ሌላው የሚያሳስበን የቅርብ ዘመን መከራ ነው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ሮኬት ተተኵሶ በአዘዞ ማረፊያ ላይ ጉዳት ደረሰ። በዚያው ሰሞን የተበላሸው የአክሱም ማረፊያ እንደ ገና መንገደኛ የተቀበለው በ2016 ዓ.ም ነው። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ ሊያልቅ ሲልም በክልሉ ውጊያ በተነሣ ጊዜ ወደ ጎንደር፥ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ላሊበላ የነበረው በረራ ተቋርጦ ነበር። መኪናውም አይሮፕላኑም በአንድ ጊዜ ሲቆም በመካከል የሚቀረው በሽተኛው ነው። አይሮፕላን ማረፊያ እንደ ውሃ ጕድጓድ የሁሉ ገንዘብ ስለ ሆነ ማንም በማንም ምክንያት እጁን ሊያነሣበት አይገባም፤ ይህን የምንለው ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። በ2009 ዓ.ም የማረፊያዎቹ ድርጅት ካየር መንገዱ ጋራ ከተጣመረ ወዲህ የማረፊያዎች አስተዳደር በአንድ እጅ ነው። ይህ ለታላላቆቹ መልካም ሆኗል። ዳሩ ግን ለትርፍ የቆመ ድርጅት በሳምንት አሥር ሰው የማይሳፈርበትን የጃናሞራ ሜዳ በራሱ ገንዘብ ያሠራል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይደለም፤ ብንጠይቀውም በደል ይሆንበታል። ይህ የትርፍ ሥራ ሳይሆን የጤና ሥራ ነው፤ ስለዚህ ወጪው በጤና በጀት ውስጥ እንደ አምቡላንስ ሊቈጠር፥ ሜዳውንም ክልሉና ወረዳዎቹ ሊጠብቁት፥ የደኅንነቱን ደንብ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሊመረምረው ይገባል።

ስለ ስፍራው ምርጫ ባለሙያ ይወስናል እንጂ እኛ አንወስንም፤ ሆኖም የወገራ ሜዳና የደባርቅ አካባቢ አስቀድመው ሊታዩ ይገባቸዋል እንላለን። ከዚያ ወዲያ ባሉት ወረዳዎች ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜዳ ይፈለግ። በዚህ ስፍራ ያለው መሬት ሁሉ ያንድ ገበሬ ገብስ መሆኑ አይዘንጋ፤ ካሳው ሜዳው ከመደልደሉ በፊት በእጁ ሊገባ ይገባል እንጂ በደብዳቤ ቃል አይታለፍ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክም በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ ዋልያው የሚሰማራበትን ገመገም አይሮፕላን እንዳያስደነግጠው የበረራው መሥመር ከወዲሁ ይታሰብበት።

ጥናቱም በጥር ፀሓይ ብቻ ተደርጎ እንዳያልቅ አደራ እንላለን። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወደ ላይ ሲወጣ፥ ነፋሱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገለባበጥ፥ ሜዳው ውሃ ሲይዝ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነውና፥ መሐንዲሶቹ ቢያንስ አንድ ክረምት በደባርቅ ሰፍረው ነፋሱንና ጉሙን በየቀኑ እየጻፉ ይክረሙ። የዘበኛውም ደመወዝ ከማን በጀት እንደሚከፈል ሜዳው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰን።