አክሬሊክ ጥፍር ለጀማሪ ባለሙያ እህቶች



ጥፍርን ማሳመር ለአገራችን ሴት እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ለሠርግና ለዓመት በዓል እንሶስላ ሲሞቁ ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ በሲቀላ እንደ ሌሎች ከተሞች ሁሉ አክሬሊክ ጥፍር የምታሠራው ሴት በርክታለች። በዚሁ ሙያ ራሳችሁን ለመቻል የተነሣችሁ እህቶችም አላችሁ። ሙያው የሚያስከብር ነው፤ ሆኖም ጀማሪዋ ከውበቱ አስቀድማ ጥንቃቄውን ማወቅ ይኖርባታል።

አክሬሊክ ከጥርስ ሕክምና የመጣ ነገር ነው። ዱቄቱና ፈሳሹ ሲገናኙ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራሉ። የጀማሪዎች የዘወትር ችግር ጥፍሩ ሳምንት ሳይሞላው ከሥሩ መነሣቱ ነው። ለዚህም ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ እርጥበትና ቅባት፣ የበዛ ፈሳሽ፣ ቆዳ ላይ የወጣ አክሬሊክ።

ስለዚህ የደንበኛችሁን እጅ በሳሙና አስታጥባችሁ በሚገባ አድርቁ። ጥፍር ውኃ ስለሚጠጣ ሥራው ሊጀመር ሲል እጅን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም። በጥፍሩ ሥር ያለውን ቆዳ በቀስታ ወደ ኋላ ግፉ እንጂ አትቁረጡ። በለስላሳ ሞረድ የጥፍሩን ወዝ ብቻ አንሡ፤ አጥብቆ መሞረድ ጥፍሩን ያሳሳዋል።

ብሩሹን ፈሳሹ ውስጥ ነክራችሁ ትርፉን በዕቃው አፍ ላይ አራግፉ፤ ከዚያም የብሩሹን ጫፍ ዱቄቱን አስነኩት። የሚወጣው ጠብታ የሚያብረቀርቅ፣ ቅርጹን የያዘና የማይፈስ መሆን አለበት። ከቆዳው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ አስቀምጡት፤ ሳትቀቡ በብሩሹ ሆድ ቀስ እያላችሁ ተጫኑት። የጥፍሩን መካከል ወፈር፣ ሥሩንና ጫፉን ሳሳ ማድረግ ከስብራት ያድናል።

በአርባ ምንጭ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አክሬሊኩ ከወትሮው ፈጥኖ ይደርቃል። በመሆኑም ጠብታውን አሳንሱ፣ ጥፍር በጥፍር ጨርሱ፤ ከተቻለም ጠዋት ጠዋት ሥሩ። ፈሳሹ በእሳት ስለሚቀጣጠል ከቡና ከሰልና ከምድጃ ይራቅ። መስኮትና በር ክፈቱ፤ ሽታው ለእናንተም፣ በአጠገባችሁ ለሚጫወተው ሕፃንም አይበጅም።

ከሁሉ የሚከፋው ያልደረቀ አክሬሊክ ቆዳን ሲነካ ነው። መቅላት፣ ማሳከክና ማበጥ ከታየ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሥራውን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ለጥርስ ሙሊትና ለአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚውሉ ተመሳሳይ ነገሮችንም እስከ መከልከል ሊያደርስ ይችላል። ባለሙያዋ በየቀኑ ስለምትነካው አደጋው ለእርሷ ይብሳል።

ፈሳሽ ስትገዙ ስሙን አንብቡ። ሜቲል ሜታክሪሌት የሚባለው ዓይነት ጥፍርን ስለሚጎዳ በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ገና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እርምጃ ወስደውበታል። የሚመረጠው ኤቲል ሜታክሪሌት ነው። ጽሑፍ የሌለበት፣ ዋጋው እጅግ የረከሰ፣ ሽታው የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ሲቀርብላችሁ አትግዙ።

ጥፍሩን ማንሣት ሲያስፈልግ ሞርዳችሁ አሳሱት፤ አሴቶን በነከረ ጥጥ ጠቅልላችሁ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆዩ። ፈንቅሎ መንቀል የተፈጥሮውን ጥፍር ገሽልጦ ያስወጣል። ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ከታየም በአዲስ አክሬሊክ አትሸፍኑት፤ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። መሣሪያችሁን ከአንዷ ደንበኛ ወደ ሌላዋ ከማሻገራችሁ በፊት አጥባችሁ በአልኮል አጽዱ።

ደንበኛችሁ ኑሮዋ ምን እንደሆነ መጠየቅም የሙያው ክፍል ነው። አሳ ለምትበልት፣ ሊጥ ለምታቦካ፣ ሕፃን ለምታጥብ እናት አጭር ጥፍር ይሻላታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በሽተኛን በቀጥታ የሚነኩ ሠራተኞች ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርጉ አሳስቧል። ነርስ ስትመጣላችሁ ይህን ነግራችሁ የራሷን ጥፍር ብታሳምሩላት ገቢው ቢያንስም እምነቷን ታገኛላችሁ።

እህቶች፣ በአንድ ቀን ባለሙያ የሚሆን የለም። ደንበኛ ከመቀበላችሁ በፊት በፕላስቲክ ጥፍር ላይ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። የእጃችሁ ፍጥነት ከልምምዱ ጋር ይመጣል፤ ጤናችሁ ግን አንዴ ከተጎዳ በልምምድ አይመለስም።